እውነት ወይስ ተረት? «ወፍራም ዛፍ ሁሉ ሽማግሌ ነው»

በደብር ግቢ ወይም በገበያ ዳር አንድ ግዙፍ ዛፍ ስናይ ከአፋችን የሚወጣው ነገር ያው ነው፤ «ይሄ ስንት ዘመን አይቷል!» ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዋርካ ከሆነማ አንዱ «አምስት መቶ ዓመት ይሆነዋል» ሲል ሌላው «ኧረ ከሺህም ያልፋል» ይላል፤ የሚከራከር የለም። ውፍረት ዕድሜ ነው የሚለውን ከልጅነታችን ጀምሮ ተቀብለነዋል። ዛሬ ይህን ነገር አብረን ቁጭ ብለን ብንመረምረው ደስ ይለኛል። ቀለበታቸው አንድ በአንድ ተቆጥሮ ዕድሜያቸው ከተረጋገጠ በሕይወት ያሉ ዛፎች መካከል አንጋፋው፣ መንገድ ላይ ብታገኙት ዞር ብላችሁ የማታዩት ዓይነት ነው፤ አጭር፣ ጠማማ፣ ግማሽ አካሉ የደረቀ።

ዛፉ ያለው በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ነጭ ተራሮች በሚባለው ሰንሰለት ላይ ነው። ዝርያው ብሪስልኮን ፓይን ይባላል። ፓይን በአማርኛ ብዙ ጊዜ «ጥድ» እየተባለ ይተረጎማል፤ የእኛ አገር በቀል ጥድ ግን ፓይን አይደለም፣ ወገኑም ቤተሰቡም ሌላ ነው። እንዳይምታታብን «ፓይን» እያልኩ ልቀጥል። ለዚህ ዛፍ የወጣለት ስም ማቱሳላ ነው። እናቶቻችን «የማቱሳላን ዕድሜ ይስጥህ» ብለው ሲመርቁ የሚያስቡት በመጽሐፍ ቅዱስ 969 ዓመት ኖረ የተባለውን ሰው ነው። ዛፉ ማቱሳላ ከ4,850 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከስሙ ባለቤት አምስት እጥፍ ኖሯል ማለት ነው። የጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ሲገነባ እሱ ሁለት መቶ ዓመት አልፎት ነበር። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ሲፈለፈሉ አራት ሺህኛ ዓመቱን ደፍኗል።

«እሺ፣ ግን በጥቅሉ ወፍራሙ አይበልጥም?» ትሉ ይሆናል። እዚያው ተራራ ላይ መልሱ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ከብሪስልኮን ፓይኖች ሁሉ በግዝፈቱ የታወቀው ፓትርያርኩ የተባለው ዛፍ ነው፤ የግንዱ ዙሪያ 11 ሜትር ይደርሳል። ዕድሜው ግን 1,500 ዓመት ገደማ ብቻ ነው፤ ከኮሳሳው ማቱሳላ ሲሶም አይሞላ። ሸለቆውን ተሻግራችሁ በዚያው ግዛት ወደ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ብትሄዱ ደግሞ ጄኔራል ሸርማን የተባለውን ሴኮያ ታገኛላችሁ። በግንዱ ይዘት ከዓለም አንደኛ ነው፤ ቁመቱ 83 ሜትር ያህል ነው። ዕድሜው 2,200 ዓመት ገደማ ይገመታል። ማቱሳላ በዕድሜ ከእጥፍ በላይ ይበልጠዋል፤ በአካል ግን ከሸርማን አንዲት ቅርንጫፍ ጋር እንኳ መፎካከሩ ያጠራጥራል።

ተረቱ ለምን ጸና? ሙሉ በሙሉ ውሸት ስላልሆነ ነው። በአንድ ጓሮ ሁለት የባሕር ዛፍ ችግኞች ብትተክሉና አንዱን ጥቂት ዓመት ብታስቀድሙት፣ የቀደመው ይወፍራል። ዓይናችን የለመደው ይህንን ነው። ልጅም ጥጃም እያደገ ሲሄድ ይተልቃል። ችግሩ የሚመጣው ይህንኑ ሚዛን ይዘን ዝርያና አፈር ተሻግረን ስንለካበት ነው። ዋርካ ውሃ ካገኘ በጥቂት አሥርት ዓመታት ሰፊ ጥላ ይጥላል። ብሪስልኮን ፓይን በአስቸጋሪ ቦታ ላይ ከበቀለ የግንዱ ውፍረት በመቶ ዓመት ውስጥ ሁለት ተኩል ሴንቲሜትር ያህል ቢጨምር ነው፤ ሦስት ትውልድ ተወልዶ እስኪያረጅ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ማለት ነው።

ሁለተኛው ተረት ከመጀመሪያው ይወለዳል። «ረጅም ዕድሜ የሚገኘው ለም አፈርና በቂ ውሃ ባለበት ነው» ይባላል። ሲሰማ እውነት ይመስላል፤ ዛፍ ስንተክል የምንደክመውም ለዚሁ ነው። ይህንን በግልጽ የሞገተው ኤድመንድ ሹልማን ይባላል። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የዛፍ ቀለበት ምርምር ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር። ሥራው ድርቅና ዝናብ በዛፍ ላይ የጻፉትን ማንበብ ነበርና በአሜሪካ ምዕራብ ያሉ ደረቅ ተራሮችን ሲያስስ ኖረ፤ በ1953 እ.ኤ.አ. ነጭ ተራሮች ደረሰ። በ1957 ማቱሳላን አገኘ። ጽሑፉ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በመጋቢት 1958 ሲወጣ እሱ ከሁለት ወር በፊት አርፎ ነበር፤ ዕድሜው 49 ነበር። ከምድር አንጋፋ ሕያዋን አንዱን ያገኘ ሰው ሃምሳ ሳይሞላው መሄዱ ሁልጊዜ ይከነክነኛል።

ሹልማን የተገነዘበው ነገር ይህ ነው። እዚያው ተራራ ላይ በተሻለ አፈርና እርጥበት የቆሙት ፓይኖች ቀጥ ብለው፣ ሙሉ ቅርፊት ለብሰው፣ ቶሎ አድገው ይታያሉ፤ ቶሎም ይሞታሉ። ሺህ ዓመታትን የሚሻገሩት ነጭ ዶሎማይት ድንጋይ ላይ፣ ነፋስ የሚገርፋቸው፣ የተጎሳቆሉት ናቸው። በቦታው በዓመት የሚወርደው ዝናብና በረዶ ተደምሮ ወደ 300 ሚሊሜትር ነው። ዛፉ የሚያድግበት ወቅት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቅዝቃዜው ይይዘዋል።

እዚህ ላይ ግን ልጠንቀቅ፤ አንዱን ተረት ስናፈርስ ሌላ እንዳንገነባ። «መከራ ዕድሜ ያረዝማል፤ ይህ ዛፍ ችግርን ይወዳል» የሚል አባባል በማነቃቂያ ንግግሮች ውስጥ ተደጋግሞ ይሰማል። ልብ ስለሚነካ ይወደዳል፤ የተቸገረን ሰውም ያጽናናል። ዛፉ ግን ችግርን አይወድም። ብሪስልኮን ፓይን በጥሩ አፈር ላይ ቢተከል በደንብ ይበቅላል። ድንጋያማው ተራራ የሚጠቅመው ጠላቶቹን ስለሚያርቅለት ነው። ዶሎማይት አልካላይ የበዛበት፣ ምግብ ያነሰው አፈር ስለሆነ ሌሎች ተክሎች ይሸሹታል፤ ሣርና ቁጥቋጦ ካልሸፈነው ደግሞ እሳት የሚሻገርበት ነገር አያገኝም። ዛፎቹ ተራርቀው ስለቆሙ መብረቅ አንዱን ቢመታ ጎረቤቱ ይተርፋል። ደረቅና ቀዝቃዛው አየር እንጨት የሚያበሰብሰውን ፈንገስ ያደክመዋል። በዝግታ የሚያድግ ግንድ እንጨቱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሙጫ የሞላበት ነው፤ የቅርፊት ጥንዚዛ ሊቦረቡረው ሲሞክር ይቸገራል። ለም ቦታ ላይ ያለው ወንድሙ ሰፋፊ ቀለበትና ላላ ያለ እንጨት ስላለው በሽታና ነፍሳት በቀላሉ ይገቡበታል። ምሥጢሩ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ መከራው የሚጠቅመው ሌላውን የበለጠ ስለሚጎዳ ነው።

«ግማሹ የደረቀ ዛፍ ሊሞት የተቃረበ ነው» የሚለውን ደግሞ እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ አምን ነበር። የነዚህን ዛፎች ፎቶግራፍ መጀመሪያ ሳይ የሞቱ መስለውኝ ነበር። ቅርፊት የሌለው፣ በነፋስና በበረዶ ተልጎ የተወለወለ ግራጫ ግንድ፣ ከጎኑ አንዲት አረንጓዴ ቅርንጫፍ። ይህ እምነት የሚጸናው ዛፍን በራሳችን አካል ስለምንለካ ነው። እኛ አንድ ልብ ነው ያለን፤ እሱ ከቆመ አለቀ። ይህ ዛፍ ግን የተሠራው በተለያዩ ጓዳዎች ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ሥር የሚመግበው በእሱ አቅጣጫ ያለውን የግንድ ክፍልና ቅርንጫፎች ነው። አፈሩ ቀስ እያለ እየታጠበ ይሄዳል፤ በእነዚህ ቁልቁለቶች ላይ በሺህ ዓመት ወደ 30 ሴንቲሜትር ተጠርጓል። አራት ሺህ ዓመት የቆመ ዛፍ እንግዲህ ከአንድ ሜትር በላይ አፈር ከሥሩ ሸሽቶታል። የተጋለጠው ሥር ሲደርቅ እሱ ይመግበው የነበረው ወገን ብቻ አብሮት ይሞታል፤ ቅርፊቱም ይረግፋል። የቀረው ወገን ምንም እንዳልተፈጠረ ኑሮውን ይቀጥላል። ሹልማን ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖ መጀመሪያ ያገኘው ፓይን አልፋ የተባለው ዛፍ ከ1 ሜትር በላይ ውፍረት ሲኖረው፣ ሕይወት ያለበት ቅርፊት ግን ወርዱ ወደ 25 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ቀበቶ ብቻ ነበር። ይህ መጎሳቆል አይምሰላችሁ። የሚመገበውን አካል ከሚገኘው ውሃ ጋር አመጣጥኖ ማኖር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የማይቀር ነው። «ቢሆንም ያረጀ ነገር ይደክማል፤ ዘሩም አይበቅልም።» ይህን በቁም ነገር የመረመሩ ሁለት ተመራማሪዎች አሉ፤ ሮናልድ ላነርና ክሪስቲና ኮነር። በ2001 ባሳተሙት ጥናት ከ23 ዓመት ለጋ እስከ 4,713 ዓመት አዛውንት ያሉ ብሪስልኮን ፓይኖችን አወዳደሩ። ውሃና ምግብ የሚያስተላልፈውን ሥርዓት፣ የቅርንጫፎቹን ዓመታዊ ዕድገት፣ የወንዴ ዘራቸውን ብርታት፣ የፍሬያቸውን ክብደትና የመብቀል ዐቅም፣ የችግኞቻቸውን ጤንነት ሁሉ መረመሩ። ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ድካም አላገኙም። እርጅና የሚለው ቃል ለእነዚህ ዛፎች አይሠራም ብለው ደመደሙ። ለእኛ ይህን መቀበል የሚከብደን ፀጉራችን ሲሸብት፣ ጉልበታችን ሲከዳን ስለምናውቅ ነው። በዛፉ ውስጥ ግን አዲስ ሴል የሚያመርተው ካምቢየም የተባለው ስስ ሽፋን በየዓመቱ ሥራውን እንደ አዲስ ይጀምራል። ከአራት ሺህ ዓመት በፊት የተሠራው የመሃል እንጨት የሞተ ነው፤ ዛሬ የሚኖረው አካል ወጣት ነው። መርፌ መሰል ቅጠሎቹ እንኳ እያንዳንዳቸው 30 ዓመት፣ አንዳንዴም 40 ዓመት ይቆያሉ፤ ድርቅ በመጣ ቁጥር አዲስ ቅጠል ለማውጣት ጉልበት አይጨርስም።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያው አይሞትም» የሚል ካለ እሱም ተረት ነው። ሥሩ ሙሉ በሙሉ ሲጋለጥ ይወድቃል። መብረቅ ይመታዋል። ሰውም ይገድለዋል።

የሰውን ነገር ካነሳሁ «የዛፍን ዕድሜ ለማወቅ መቁረጥ ግድ ነው» የሚለውን ላንሳ። በትምህርት ቤት መጽሐፍ የምናየው ሥዕል ሁሉ የተቆረጠ ጉቶና በላዩ የሚታዩ ቀለበቶች ስለሆነ ሌላ መንገድ ያለ አይመስለንም። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት በእጅ የሚዞር ቀጭን መሰርሰሪያ ነው፤ ከግንዱ ውስጥ ከእርሳስ የቀጠነ ዘንግ አውጥቶ ይሰጣቸዋል፤ ቀዳዳውን ዛፉ በሙጫው ይደፍነዋል። ማቱሳላ የተቆጠረው በዚህ መንገድ ነው፤ ዛሬም ቆሟል። የተቆረጠው ሌላው ነው። በነሐሴ 1964 እ.ኤ.አ. በኔቫዳ፣ ዊለር ፒክ በተባለው ተራራ ሥር፣ ዶናልድ ከሪ የተባለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጥንት በረዶ ግግሮችን ዘመን ሲያጠና ከመንግሥት የደን አስተዳደር ፈቃድ አግኝቶ አንድ ፓይን አስቆረጠ። ቀለበቱ ሲቆጠር 4,844 ደረሰ፤ የጎደለው ሲታሰብ ዛፉ 4,900 ዓመት ገደማ እንደነበረ ይገመታል። ተራራውን የሚወዱ ሰዎች ቀድመው ፕሮሜቴዎስ ብለው ሰይመውት ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ከተቆጠሩት ዛፎች ሁሉ የሚበልጠው መሆኑ የታወቀው ከወደቀ በኋላ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይከብዳል። አካባቢው በ1986 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ የማቱሳላ ትክክለኛ ቦታም ለጎብኚ አይነገርም፣ ምልክትም የለውም።

«አንድ ቀለበት አንድ ዓመት ነው፤ ቆጥሮ መጨረስ ነው» የሚለውም በከፊል ብቻ ትክክል ነው። በጣም በከፋ የድርቅ ዓመት ብሪስልኮን ፓይን በአንድ ወገኑ ቀለበት ሳይሠራ ይቀራል። እዚያ ላይ ብቻ የቆጠረ ሰው ዓመታት ይዘላል። በእኛም አገር ተቃራኒው አለ፤ በበልግም በክረምትም ዝናብ በሚያገኝ ቦታ የበቀለ አገር በቀል ጥድ በአንድ ዓመት ሁለት ቀለበት ሊያወጣ ይችላል። ዝም ብሎ የቆጠረ ሰው የዛፉን ዕድሜ እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ባለሙያዎች አንድን ዛፍ ለብቻው አይቆጥሩም፤ የጠባብና የሰፊ ቀለበቶችን ቅደም ተከተል ከሌሎች ዛፎች ጋር ያስተያያሉ። ለሁለት የተቀደደን ደብዳቤ ገጥሞ እንደማንበብ ነው። ይህን ያላለፈ የዕድሜ ቁጥር፣ ከየትም ይምጣ፣ ግምት ነው። በቺሊ አንድ አሌርሴ የተባለ ዝርያ ዛፍ ከአምስት ሺህ ዓመት በላይ ሳይሆነው አይቀርም ተብሏል፤ ነገር ግን ናሙናው እስከ መሃል ስላልደረሰ ቀሪው በስሌት የተሞላ ነው። በስዊድን ደግሞ ከ9,000 ዓመት በላይ ነው የሚባል ስፕሩስ የተሰኘ ዛፍ አለ፤ ያን ያህል የቆየው ከሥሩ እየታደሰ የሚኖረው ተክል ነው፤ ዛሬ የሚታየው ግንድ ወጣት ነው። ሁለቱም የሚያስደንቁ ናቸው፤ ከማቱሳላ ጋር ግን በአንድ ሚዛን አይቀመጡም።

«የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል» እንላለን። በነጭ ተራሮች የወደቁት ግንዶች ግን ሌላ ዕጣ ገጠማቸው። ሰው «የሞተ ዛፍ ማገዶ ነው» ይላል፤ እዚያ የሞተው እንጨት ከሕያው ባልተናነሰ ውድ ነው። በደረቁና በቀዝቃዛው አየር፣ በሙጫው ተጠብቆ፣ ሺህ ዓመታት መሬት ላይ ተጋድሞ ሳይበሰብስ ይቆያል። ቻርልስ ፈርጉሰን የተባለው የሹልማን ተከታይ እነዚህን ወዳቂዎች እየለቀመ የሞቱትን ከሕያዋኑ ጋር በቀለበታቸው ገጠማቸው፤ የዓመታቱ ሰንሰለት ሰባት ሺህ ዓመት አለፈ፤ በኋላም ወደ ዘጠኝ ሺህ ተጠጋ። ይህ ለዛፍ ወዳጆች ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የጥንት ዕቃዎችን ዕድሜ በካርበን 14 የሚለኩ ተመራማሪዎች ዓመታቸው በእርግጠኝነት በሚታወቀው የፓይን ቀለበት ላይ ሲፈትኑት የራሳቸው ሰዓት ወደኋላ የቀረ ሆኖ አገኙት፤ በጣም የቆዩ ዕቃዎች ከትክክለኛ ዕድሜያቸው በብዙ መቶ ዓመታት አንሰው ይታዩ ነበር። ሰዓቱ ሲታረም በምዕራብ አውሮፓ ያሉ የድንጋይ መቃብሮች ከግብፅ ፒራሚዶች የሚቀድሙ መሆናቸው ታወቀ። እስከዚያ ድረስ የታሪክ ሊቃውንት ጥበቡ ከግብፅ አካባቢ ወደ አውሮፓ እንደሄደ ያስተምሩ ነበር። ማንም ለማገዶ ሊያነሳው ይችል የነበረ እንጨት የታሪክ መጻሕፍትን አስተካከለ።

የመጨረሻው ተረት ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው። «ይህን ሁሉ ዘመን ያለፈ ዛፍ ምን ይነካዋል?» ለአምስት ሺህ ዓመት ድርቁንም ውርጩንም ችሎ ያየ ነገር ነገም ይቆማል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው እንጂ ክፋት የለውም፤ ግን ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። ዛፉን የጠበቀው ጠላት የሌለበት ቦታ ነው። ቦታው ሲሞቅ ጠላት ይወጣል። በሞት ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ፣ ቴሌስኮፕ ፒክ በተባለው ጫፍ ላይ፣ ከ2013 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ብዙ ብሪስልኮን ፓይኖች ሞተው ተገኝተዋል። ድርቁና ሙቀቱ አደከማቸው፤ ከዚያ ከአጠገባቸው ካለ ሌላ የፓይን ዝርያ የተነሳ የቅርፊት ጥንዚዛ ወረራቸው። ሙጫ ለማመንጨት ውሃ ያስፈልጋል፤ ውሃ ያጣ ዛፍ የሚከላከልበት የለውም። በነጭ ተራሮችም ሊምበር ፓይን የሚባለው ጎረቤት ዝርያ ከአዛውንቶቹ በላይ ወዳለው ከፍታ ቀድሞ እየወጣ ችግኝ ሲያበቅል ታይቷል፤ ብሪስልኮኖቹ ወደፊት ሊሸሹበት የሚችሉትን ቦታ እየያዘ ነው።

በላስ ቬጋስ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ከከተማው በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ርቀት ላይ ማውንት ቻርልስተን የሚባል ተራራ አለ፤ እነዚህ ፓይኖች እዚያም ይገኛሉ፤ የእግር መንገድም ተሠርቶላቸዋል። በቀዝቃዛዎቹ ወራት በረዶ ስለሚበዛ በሞቃቶቹ ወራት አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ የዛፉ ቅጠሎች አምስት አምስት ሆነው ይበቅላሉ። አቅሙ ያላችሁ ደግሞ አንድ ቀን ነጭ ተራሮች ድረስ ድረሱ። መንገዱን አትልቀቁ፤ የተጋለጠ ሥር በእግር ሲረገጥ ይጎዳል። ክንድ የምታህል ግራጫ እንጨት መሬት ላይ ብታዩም ለማስታወሻ ብላችሁ ከረጢታችሁ ውስጥ አትክተቷት፤ መውሰድም የተከለከለ ነው። ከስድስት ሺህ ዓመት በፊት የዘነበው ዝናብና የጠፋው ዝናብ በውስጧ ተጽፎ ይሆናል፤ የሚያነባትም ገና አልመጣ ይሆናል።